ትኬት ቆራጯን ጠይቁ፦ ደም መላሹ ሲመለስ

እንዴት ሰነበታችሁ? አዲስ ለሆናችሁ አንባቢዎች፦ እኔ ጎንደር ፒያሳ፣ አጎቴ በከፈተው ቪዲዮ ቤት በር ላይ ትኬት ስቆርጥ ያደግኩ ሴት ነኝ። የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ግን ሰው ፊልም ሊያይ ሲገባ ፊቱ ምን እንደሚመስል፣ አይቶ ሲወጣ ደግሞ ምን እንደሚመስል ለዓመታት ቆሜ አይቻለሁ። በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ በቀል ፊልም ናቸው። ያውም ስለ ክፍል ሁለት። ተነጋግራችሁ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማራኪ አካባቢ ፊልም እጭናለሁ። ፍላሽ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ስልክ፣ ያመጡልኝን ሁሉ። ባለፈው አንድ የግቢ ተማሪ መጥቶ ‹አሪፍ የበቀል ፊልም ጫንልኝ› አለኝ። ‹ቴክን›ን አንድንም ሁለትንም ጫንኩለት። በማግስቱ ተመልሶ ‹ሁለተኛው ቆሻሻ ነው። ሐያሲዎች 22 በመቶ ነው የሰጡት። ብሬን መልስ› አለ። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። እውነትም 22። እኔ ግን ይሄን ፊልም ስንት ዓመት ሙሉ ጭኜ አልጠግብም፣ ሰው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። ሐያሲ ማለት ሕዝብ የወደደውን የሚጠላ ሰው ነው? ብሩንስ መመለስ ነበረብኝ?»
ፊልም ጫኙ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ከብሩ እንጀምር። አትመልስ። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶታል። ሳህኑን ጠርጎ ሲያበቃ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» የሚል ደንበኛ ሒሳቡን ይከፍላል። (የሰው ፊልም እየጫንክ ስለመሸጥህ ሌላ ቀን እንጣላለን። ዛሬ ጊዜ የለኝም።)

ተማሪው ያሳየህ ሮተን ቶሜቶስ የሚባለውን ድረ ገጽ ነው። የበሰበሰ ቲማቲም ማለት ነው፣ ስሙ። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር የፈተና ውጤት አይደለም። ፊልሙ ከ100 22 አገኘ ማለት አይደለም። ስለ ፊልሙ ከጻፉት ሐያሲዎች 22 በመቶዎቹ በጥቅሉ ወደዱት፣ የቀሩት አልወደዱትም ማለት ነው። አሥር ሰው ጠላ ቀመሰ እንበል። አሥሩም «ምን ይላል፣ ይጠጣል» ካሉ 100 በመቶ ነው። አንድም ሰው «ግሩም ነው» አላለም። አራቱ «እንዲህ ያለ ጠላ ጠጥቼ አላውቅም» ብለው ቢምሉና ስድስቱ ፊታቸውን ቢያጨማድዱ ግን 40 በመቶ ነው። መስመሩ 60 ላይ ስለሆነ ያ ጠላ «የበሰበሰ» ይባላል። እኔ ብሆን ግን ቀድሜ የምቀምሰው ይሄንኛውን ነው።

ቢሆንም 22 ዝቅተኛ ናት። ልጁ አልዋሸህም።

አንተም በሌላ ቁጥር ልትሟገተው ትችል ነበር። «ቴክን 2» እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ወደ 376 ሚሊዮን አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያው፣ ሐያሲዎች ይሻላል ያሉት ማለት ነው፣ ያስገባው 226 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ይኸው፣ ሕዝቡ ፈርዷል፣ ትላለህ።

ቆይ እስቲ። ትኬት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ትኬት የሚቆረጠው ሰው ሲገባ ነው። ሲወጣ የሚቆርጥለት የለም። የክፍል ሁለትን ወረፋ የሚያሰልፈው ደግሞ ክፍል አንድ ነው። አጎቴ ይሄን አሳምሮ ያውቅ ነበር። «ፓርት ቱ» ብሎ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከጻፈ የፊልሙን ስም እንኳን የሚጠይቀው አልነበረም። አግዳሚው ይሞላል፣ የቀረው መሬት ላይ ይቀመጣል። እኔ ፍርዱን የማየው ሲወጡ ነበር። ጥሩ ፊልም ያዩ ልጆች በሩ ላይ ይቆማሉ። መንገድ ይዘጋሉ። አንዱ አንዱን በእግሩ ይመታል፣ ሌላው «አይደለም እንዲህ ነው የመታው» ብሎ ያርመዋል። መጥፎ ፊልም ያዩት ደግሞ በፀጥታ ወጥተው ቆሎ ሻጯ ጋ ይሄዳሉ። ክፍል ሁለት ባለቀ ቁጥር ቆሎ ሻጯ ደስተኛ ነበረች።

ሐያሲዎቹ ስለ «ቴክን 2» ያሉት እንግዲህ በአብዛኛው ይሄንኑ ነው። የመጀመሪያው ያስደነገጠን ስላልጠበቅነው ነበር። ሁለተኛው ያንኑ ያሞቀዋል። ድብድቡም ተቆራርጦ ተቆራርጦ ማን ማንን እንደመታ አይለይም። (በሦስተኛው ይብሳል። ዋናው ተዋናይ ሊያም ኒሰን አንዲት አጥር ሲዘል ካሜራው ከ10 ጊዜ በላይ ይቆረጣል። ያኔ 60 አልፎታል፣ አልፈርድበትም። አጥሩን ግን መቀነስ ይቻል ነበር።) በዚህ ሁሉ እስማማለሁ። የኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። እሱን ያስተማረችኝም አያቴ ናት።

በ2005 ዓ.ም. አያቴ ለሕክምና ከወገራ መጥታ እኛ ቤት ሰንብታ ነበር። አንድ ማታ ይሄን ፊልም በዲቪዲ ከፈትኩ። እሷ ጥጥ እየፈተለች ታያለች። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ክፍል አንድን አላየችም፣ ሊያም ኒሰን ማን እንደሆነ አልሰማችም። ፊልሙ የሚጀምረው በቀብር ነው። ቦታው አልባኒያ ውስጥ ትሮፖያ የሚባል ተራራማ አገር ነው። ሬሳ ይወርዳል፣ ሰው ያለቅሳል። አንድ ሽበታም አባት መቃብሩ ላይ ቆሞ ይምላል። የሚቀበረው ልጁ በመጀመሪያው ፊልም ከሞቱት አንዱ ነው። ሊያም ኒሰን ወንበር ላይ አስሮ ኤሌክትሪክ ከለቀቀበት በኋላ ሳያጠፋው ጥሎት የሄደው።

አያቴ እንዝርቷን አቆመች።

«የማን ልጅ ነው የሞተው?»

«የዚህ ሽማግሌ።»

«ማን ገደለው?»

«አንድ አሜሪካዊ።»

«እሺ» አለች። እንዝርቷን መልሳ አሾረችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አክተሩ ሽማግሌው ሆነ። ጨርሶ ሌላ ሰው አልታያትም። ሽማግሌው ሰዎቹን አሰባስቦ ኢስታንቡል ሲገባ «እግዜር ይርዳህ» ትለዋለች። ሊያም ኒሰን ብቅ ሲል «ገዳዩ ይሄ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «ቁመቱ!» አለች፣ በቃ። እኔ ላስረዳት ሞከርኩ። ልጁ ክፉ ነበር፣ ሴት ልጆች እየጠለፈ ይሸጥ ነበር፣ የዚህንም ሰው ልጅ ሸጦበት ነው አልኳት። ሰማችኝ። ትንሽ አሰበች። ከዚያ የጠየቀችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ሽማግሌ አልላከም?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። በሷ ዕድሜ ወገራ ውስጥ የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው አገር ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ ሽማግሌዎችና መስቀል የያዙ ካህናት ሟች ቤት ይመላለሳሉ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዓመት ሙሉ። ካሳው ይቆረጣል፣ ደሙ ይደርቃል። ካልደረቀ ደግሞ የሟች ወንድም ወይም ልጅ እስኪያድግ ይጠበቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እና ለአያቴ ፊልሙ ግልጽ ነበር። አንድ ሰው ገድሎ ሄደ፣ ማንንም አልላከም፣ አባት መጣ። ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የበቀል ፊልም ክፍል ሁለት ከሌላ ክፍል ሁለት ሁሉ ይከብዳል። ምክንያቱም ዕዳው ክፍል አንድ ላይ ተከፍሏል። ልጅቱ ተመልሳለች፣ ሌቦቹ ሞተዋል፣ ሰውየው ቤቱ ገብቷል። ታዲያ በምን ይቀጥላል? ብዙዎቹ አዲስ ዘመድ ይገድሉበትና እንደገና ያስነሱታል። ርካሹ መንገድ እሱ ነው። «ቴክን 2» ግን በጣም ጥሩ ሐሳብ ነበረው። ዕዳውን ከወዲያ ማዶ አየው። የሞቱትም አባት አላቸው አለ። ክፍል አንድን ስናይ እያጨበጨብን የዘለልናቸውን ሬሳዎች ቆጥሮ አመጣቸው። እንዲህ ያለ ሐሳብ በአክሽን ፊልም ውስጥ በየቀኑ አይገኝም።

ከዚያ ምን አደረገው? ጣለው። ሽማግሌው ከቀብሩ በኋላ እንደ ማንኛውም ክፉ ሰው ይጮኻል፣ ያስራል፣ ያሰቃያል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ አባቶች ለብቻቸው ይገናኛሉ። ኒሰን ሽጉጥ ይዟል። ብገድልህ የቀሩት ልጆችህ ይመጡብኛል ወይ ይለዋል። ይመጣሉ፣ ይላል ሽማግሌው። ኒሰን ደክሞኛል ይላል። አገርህ ከገባህና ነገሩ እዚህ ካበቃ ልተውህ ይለዋል። ሽማግሌው እሺ ይላል። እዚህ ላይ አያቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ። ኒሰን ሽጉጡን መሬት ይጥልና ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ሽማግሌው አንስቶ ቃታ ይስባል። ባዶ ነው። ኒሰን ዞሮ ይገድለዋል።

«ባዶ ጠመንጃ ጥሎ ዕርቅ!» አለች አያቴ። ጥጧን ሰብስባ ተኛች።

ፊልሙ በለቅሶ ጀምሮ በፉከራ አለቀ። እኛ ጎንደሬዎች ፉከራ አናጣም፣ ከማንም አንበደርም። ያንን ለቅሶ ግን እስከ መጨረሻው የሚወስደው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ ስለ 22 በመቶ አንጻጻፍም ነበር።

ደንበኞችህ ለምን እንደሚወዱት ደግሞ አይጠፋኝም። እኔም የምወደው ቦታ አለ። ኒሰን ታስሮ በተደበቀ ስልክ ልጁን ቦምብ ወርውሪ ይላታል። እሷ የኢስታንቡል ጣራ ላይ ሆና ትወረውራለች፣ እሱ ድምፁ እስኪሰማው ሰከንድ ይቆጥራል። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይሄዳል፣ ስለዚህ የት እንዳለ ያሰላል። ሐያሲዎች ስቀውበታል። የሚያሳስቅም ነው፣ የሰው አገር ጣራ ላይ ቦምብ! እኔ ግን አምስተኛ ክፍል እያለሁ መብረቅ አይቼ ነጎድጓዱ እስኪመጣ እቆጥር ስለነበር ደስ አለኝ። ከዚያ ያችው ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ ፈተና የወደቀችው፣ ታክሲ እየነዳች ከፖሊስ ታመልጣለች። ይሄን የማይወድ ሰው አዘዞ መንገድ ላይ ባጃጅ ተሳፍሮ አያውቅም።

ስለዚህ ሐያሲው ሕዝብ የወደደውን ለመጥላት አይጽፍም። እሱ ሊሆን ይችል ከነበረው ፊልም ጋር ያወዳድረዋል። ደንበኛህ ደግሞ መብራት በሌለበት ማታ ከመቀመጥ ጋር ያወዳድረዋል። ተማሪው እንደገና ከመጣ የመጀመሪያውን ቀብር ብቻ መልሶ እንዲያይ ንገረው። ከዚያ ፊልሙን አቁሞ ቀሪውን ራሱ ያስበው። ለዚህም አታስከፍለው።

ጥያቄ፦ «ውድ እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከአዘዞ ነው። የ13 ዓመት ልጄ ‹ጆን ዊክ› ሁለትን ሲያይ ያዝኩት። ማየቱ ሳያንስ ደብተር ላይ መስመር እያሰመረ የሞቱትን ይቆጥራል። እንደ እድር መዋጮ በአምስት በአምስት አስሮ! ስቆጣው ‹ሐያሲዎች ወደ 90 በመቶ ሰጥተውታል፣ ጥበብ ነው› ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው? ያንን ሁሉ ሰው የሚገድል ፊልም የተማሩ ሰዎች እንዴት ያደንቁታል? ማታ ማታ ከውጭ የምንሰማው ተኩስ አንሶን ነው?»
የልጁ እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሩ ላይ ልጅሽ ልክ ነው። ዕድሜው ላይ ግን ልክ አይደለም። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ እንዳይገባ ተብሎ የተመደበ ነው። እዚህ ጎንደር ፍላሽ በር ላይ ቆሞ ዕድሜ አይጠይቅም።

ሐያሲዎቹ ለምን እንደወደዱት ልንገርሽ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ሰውየው ሚስቱ ሞታበታለች። ከመሞቷ በፊት የላከችለትን ቡችላ ወሮበሎች ገደሉበት፣ መኪናውንም ወሰዱ። በዚያ የተነሳ ሁሉንም ፈጃቸው። (አያቴ ይሄን ብታይ ምን እንደምትል አላውቅም። ለውሻ!) ክፍል ሁለት እ.ኤ.አ. በ2017 መጣ። እዚህ ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ሌላ ውሻ አልገደሉም። ሰውየው ድሮ ከግድያ ሥራ ሲወጣ የገባው አንድ ዕዳ ነበረበት። በደሙ ጣቱን አትሞ የፈረመለት መሐላ። በቀሉን ለመወጣት ከቤቱ ብቅ ባለ ጊዜ አበዳሪው «ተመልሰሃላ፣ እንግዲያው ክፈለኝ» ብሎ መጣ። ይሄ ያስኬዳል። የመጀመሪያው በቀል ራሱ ሁለተኛውን መዘዝ ይስባል። እምቢ ቢል አይቻል፣ እሺ ቢል አይቻል።

ሁለተኛው ነገር እጅ ነው። ሙያ ማለቴ ነው። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ማትሪክስ» ላይ የኪያኑ ሪቭስ (ጆን ዊክን የሚጫወተው ሰው) ምትክ ሆኖ የሚወድቅ የሚነሳ ሰው ነበር። የመውደቅን ዋጋ ያውቃል። ስለዚህ ካሜራውን ራቅ አድርጎ ያቆመዋል። ሰውየውን ከራስ እስከ እግር ታዪዋለሽ። ኪያኑ ጁዶውንም ተኩሱንም ለወራት ተለማምዶታል። ጥይት ያልቅበታል፣ ይቀይራል፣ ይደክመዋል፣ ያነክሳል። ሐያሲ ይሄን ሲያይ እስክስታ የሚችል ሰው እንዳየ ነው የሚሆነው። እግሩን ሳይደብቅ ነዋ የሚጨፍረው! ለ«ቴክን» የነፈጉትን ለዚህ የሰጡት ለዚያ ነው። ሕዝቡም ተስማማ። ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 170 ሚሊዮን አልፎ አስገባ። የመጀመሪያው 90 እንኳ አልሞላም ነበር።

የኔን ፍርድ ከጠየቅሽኝ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ ሮም ውስጥ ከመሬት በታች ያለው ተኩስ መጣ። አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ይመጣል፣ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ቀና ስል ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። መቼ ተነስቼ ቢላ እንዳመጣሁ አላስታውስም። ስንቱ እንደሞተ ልጅሽን ጠይቂልኝ፣ እሱ መዝግቦታል።

ልጅሽን በተመለከተ ግን ተኩሱ አይደለም ያሳሰበኝ። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ጆን ዊክ ሊገድላት እንደመጣ ስታውቅ ገንዳ ውስጥ ገብታ ራሷን ትገድላለች። ቀስ ብላ፣ ከሱ ጋር እያወራች። ከፊልሙ ሁሉ በጣም በጥሩ ሁኔታ የተሠራው እሱ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ በጣም የሚከብደውም እሱ ነው። ደብተሩ ላይ በአንድ መስመር አልፏት ይሆናል። እሷን ብቻ አንስተሽ አነጋግሪው። ሌላውን ተዪው፣ እንደ ኳስ ግብ ነው የሚቆጥረው።

አንድ የሚያበሳጭ ነገር ልጨምርልሽ። «ቴክን 2» አሜሪካ ውስጥ ለ13 ዓመት ልጅ ይሆናል የተባለ ነው። እዚያም ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል፣ ደሙ ግን አይታይም። ደም ከሌለ ይቀላል ብለው ነው። የትኛው ይብሳል ብትዪኝ ሰው ሲመታ የማያመው ፊልም ይብሳል እላለሁ። ልጅሽ ግን ይሄን ሰምቶ «እንግዲያው ጆን ዊክን ልይ» እንዳይልሽ። ለሱ አታንብቢለት።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እንደምን አለሽ። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መኖሪያዬ ቁስቋም በታች ነው። ድሮ በአጎትሽ ቪዲዮ ቤት የቻርልስ ብሮንሰንን ‹ዴዝ ዊሽ› አይቼ ነበር። አጎትሽ ከኋላ ቆሞ ይተረጉምልን ነበር። ‹የአባቱን ርስት ቀምተውት ነው!› ሲል ቤቱ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። አሁን የልጅ ልጄ ሁለተኛውን ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ልየው ወይስ ይቅርብኝ? ሌላ ደግሞ፣ የዚያን ዕለት ትኬቱ 75 ሳንቲም ነበር። አንድ ብር ሰጠሁሽ። ‹መልስ ሲወጡ› አልሽኝ። ስወጣ አጣሁሽ። ስሙኒዬን አልረሳሁም።»
አንድ የድሮ ደንበኛ

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አጎቴ ነፍሱን ይማረውና እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። ለርስዎም ለኔም መናገር የነበረበት እሱ ነበር፣ አልተናገረም። ርስት የለበትም። በየትኛውም ፊልም ርስት የለበትም። እሱ ግን ሰው ያለ ርስት ሰው ይገድላል ብሎ ማመን አልቻለም መሰለኝ።

እውነተኛው ታሪክ እንዲህ ነው። ብሮንሰን ኒው ዮርክ የሚኖር አርክቴክት ነው። ወሮበሎች ቤቱ ገብተው ሚስቱን ይገድላሉ፣ ልጁን ያዋርዳሉ። ከዚያ ማታ ማታ እየወጣ ዘራፊ መግደል ይጀምራል። ልብ ይበሉ፣ ሚስቱን የገደሉትን ግን አንድም ቀን አያገኛቸውም። የሚገድላቸው ሌሎች ናቸው። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1972 የጻፈው ብራያን ጋርፊልድ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ አልተደሰተም። እሱ ሰውየውን ሊያስጠነቅቅበት ጻፈው፣ ፊልሙ ጀግና አደረገው። ሮጀር ኢበርት የሚባለው ታዋቂ ሐያሲ ሐሳቡን ባይቀበለውም አሠራሩን አክብሮ ከ4 ኮከብ 3 ሰጥቶታል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1982 ወጣ። ኢበርት ስንት የሰጠው ይመስልዎታል? ዜሮ። ግማሽ ኮከብ እንኳ አላገኘም። ቅድም ለፊልም ጫኙ ርካሹ መንገድ ያልኩት ይሄ ነው። ያችን ገና ከመጀመሪያው ያልዳነችውን ልጅ እንደገና ያስጠልፏታል፣ ያስደፍሯታል፣ ትሞታለች። አባቷ ሽጉጥ እንዲያነሳ ሌላ ምክንያት አጡ። ትዕይንቱን ደግሞ ያረዝሙታል። አይዩት። እኔ አይቼዋለሁ፣ ይበቃል። የልጅ ልጅዎ አብሮ ካለ በተለይ አይክፈቱት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሎች ሠርተዋል፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1994 ድረስ። ስለነሱ አይጠይቁኝ።

የአጎቴን ትርጉም ከወደዱት ግን የመጀመሪያውን ድምፁን ዘግተው ያስከፍቱት። ርስቱን እርስዎ ይጨምሩበት።

ስሙኒዎን በተመለከተ። የዚያን ዕለት መልስ ሳልሰጥ የጠፋሁት እናቴ ውሃ እንድቀዳ ስለጠራችኝ ነው። ሰበብ አይሁንብኝና ዕዳው የኔ ነው። አንዲት የድሮ ስሙኒ ፈልጌ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ጃንተከል ዋርካው አጠገብ እጠብቅዎታለሁ። ቡናው በኔ፣ እሱ ለካሳው ነው። ሽማግሌ ግን አይላኩብኝ።